«አታሟርቺ!» ከተባልኩ በኋላ፦ ስለ ነገ የምንናገርባቸው ቃላት ከየት መጡ?

ብርቄ ዘሳሪስ (ክሩን የጀመረች)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። እዚህ ቃል የሚወዱ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ይዤው መጣሁ።

የእህቴ ሠርግ ሚያዝያ ላይ ነበር። ዓርብ ማታ ቤታችን በዘመድ ተሞልቷል። ሽንኩርት የሚልጠው ይልጣል፣ ዳስ የሚተክለው ይተክላል። እኔ ስልኬን አየት አደረግኩና «እሑድ ከሰዓት ዝናብ አለ፤ ዳሱ ላይ ሌላ ሸራ ይጨመር» አልኩ። አክስቴ ማማሰያዋን ድስቱ አፍ ላይ አሳረፈች። «አንቺ ልጅ፣ በሰው ሠርግ አታሟርቺ!» አለችኝ። ሽንኩርት ላጮቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ።

ትንሽ ቆይቶ ቴሌቪዥን ላይ የአየር ትንበያ መጣ። ሰውዬው ካርታው ፊት ቆሞ እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ደገመው። አክስቴ ወጧን እያማሰለች በጸጥታ ሰማችው። ምንም አላለችውም።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ወረደ። አክስቴ ከዳሱ ማዶ ሆና ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። ዝናቡን እኔ የጠራሁት ነበር የሚመስለው።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ሰውዬው ሲናገር «ተነበየ»፣ እኔ ስናገር «አሟረትኩ» የተባለው ለምንድን ነው? ትንበያና ትንቢት አንድ ናቸው? ሟርትስ ከየት መጣ? ሳስበው ለዚህ ጉዳይ ያለን ቃል ብዛቱ ገረመኝ፤ ጠንቋይ፣ አዋቂ፣ ኮከብ ቆጣሪ፣ ሞራ ገላጭ፣ ንግርት፣ ራእይ፣ ምልኪ፣ ገድ። የምታውቁትን ንገሩኝ።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ብርቄ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሙሽሮቹን ወልደው ለመሳም ያብቃቸው።

ትንቢትና ትንበያ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው «ተነበየ» የሚለው የግእዝ ግስ ነው። ነቢይም ከዚያው ቤት ነው። በኋላ ላይ ግን ልጆቹ ተለያዩ። ትንቢት ቤተ ክርስቲያን ቀረ፤ ትንበያ ቢሮ ገባ። ግሱን እስካሁን በጋራ ይጠቀሙበታል። ኢሳይያስ ተነበየ እንላለን፤ ሜትዎሮሎጂም ተነበየ እንላለን። ወደ ስሙ ስንመጣ ግን ማንም «የኢሳይያስ ትንበያ» አይልም። «የነገው ሙቀት ትንቢት» የሚልም የለም። አንዱ ከላይ የተነገረ፣ ሌላው ተለክቶና ተሰልቶ የተገኘ መሆኑን ሕዝቡ በቃሉ ጫፍ ለየው። ይህን አጥር ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

«ሟርት» የመጣው ከግእዙ «ምዋርት» ነው። «ምዋ» አፍ ውስጥ ሲጨመቅ «ሟ» ሆነ። ያኔ ትርጉሙ የተሰወረን ነገር በምልክት ፈልጎ ማግኘት፣ ጥንቆላ ማለት ነበር። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 ላይ የተከለከሉት ሰዎች ሲዘረዘሩ ልጁን በእሳት ከሚያሳልፈው ቀጥሎ የተጻፈው «ምዋርተኛ» ነው። ያ ሰው ሙያ ነበረው። ጠያቂ ይመጣለታል፣ እሱም ደግ ሆነ ክፉ የታየውን ይናገራል።

በእኛ አፍ ግን ሟርት ሙያነቱ ቀረና የአንደበት ጠባይ ሆነ። ዛሬ ሟርተኛ የምንለው ክፉ ክፉውን የሚናገረውን ነው። ደግ ነገር ተናግሮ «አሟረተ» የተባለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። አክስትሽም ዝናቡ ይመጣል አይመጣም ብለው አልተከራከሩሽም። የከፋቸው በሠርግ ቤት ክፉ ቃል መውጣቱ ነው።

ሸገር ነዋሪ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

«ነቢይ ማለት አንባቢ ማለት ነው፣ ነገን የሚያነብ» ሲባል ሰምቼ ነበር። ሁለቱም ከንባብ ነው የመጡት ይላሉ። እውነት ነው?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

አይደለም ወንድሜ። ንባብ ከ«ነበበ» ነው፤ በግእዝ መናገር ማለት ነው። ነቢይ ከ«ነበየ» ነው። የመጨረሻው ፊደል ቤቱን ይለያል። መልካቸው ስለሚቀራረብ ሰው ያዛምዳቸዋል፤ ሐረጉም ስለሚያምር ይደጋገማል።

የነቢይ ዘመዶች ሩቅ አገር ድረስ አሉ። ዕብራይስጡ ናቪ ይላል፣ ዐረብኛው ነቢ። በባቢሎን ሰዎች አካድኛ «ናቡ» መጥራት፣ መሰየም ነው። ብዙ ሊቃውንት የነቢይ ሥሩ ይኸው መጥራት ነው ይላሉ፤ ነቢይ ማለት እንግዲህ የተጠራው ሰው ነው። ባቢሎናውያን የጽሕፈት አምላካቸውን ናቡ ብለውት ነበር። የናቡከደነፆር ስም የሚጀምረው በዚህ አምላክ ስም ነው። ሕልሙን ሳይነግራቸው «ያየሁትንም ፍቺውንም እናንተ ንገሩኝ» ብሎ ጠቢባኑን ያስጨነቀው ንጉሥ ማለቴ ነው። ያንን ቋጠሮ የፈታለት ነቢዩ ዳንኤል ነበር።

መምህርት በጡረታ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ልጆች፣ ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። «ጠንቋይ»ን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ ሁልጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ ቃሉን እንበትነው፤ ሲበተን አያስፈራም።

ግሱ ጠነቆለ ነው። የመጨረሻው ፊደል «ለ» ነው። አማርኛ የሚሠራውን ሰው ሲሰይም ይህን «ለ» ወደ «ይ» ያለሰልሰዋል። ገደለ ብሎ ገዳይ፣ ነቀለ ብሎ ነቃይ፣ ተከለ ብሎ ተካይ ይላል። ጠነቆለ ብሎም ጠንቋይ። ግእዙ «ጠንቋሊ» ብሎ ለ-ን ይጠብቃታል። ሥራው ጥንቆላ ሲባል «ለ» ተመልሳ ትመጣለች። ተማሪዎቼ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይፈታ ነበር።

ራእይን በተመለከተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። እባካችሁ በዓይኑ «ዕ» አትጻፉት። ሥሩ «ርእየ» ነው፤ አየ ማለት ነው። የዛሬው «አየ» ራሱ የርእየ ልጅ ነው፣ «ር» ወድቃበት። ባለ ራእይ ማለት ያየ ሰው ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴት» ተብሎ ተሰቅሏል። ቃሉ ከዮሐንስ ራእይ ተነሥቶ የአምስት ዓመት ዕቅድ ሽፋን ላይ አረፈ። ማደጉ ይሁን መውረዱ እናንተ ፍረዱ። ፊደሉ ግን ይስተካከል።

የጀጎል ልጅ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8፡00

የዐረብኛውን በኩል እኔ ልያዝ። ኮከብ ቆጣሪ ቤት የሄደ ሰው «ኮከብህ ምንድን ነው?» ሲባል «አሰድ» ወይም «ዐቅራብ» ይላል። እነዚህ የዐረብኛ ስሞች ናቸው። ሐመል የበግ ጠቦት ነው። ሠውር በሬ፣ አሰድ አንበሳ፣ ሰንቡላ የእሸት ዛላ፣ ዐቅራብ ጊንጥ፣ ጀዲ የፍየል ግልገል፣ ደለዊ የውኃ መቅጃ፣ ሑት ዓሣ። ሐረር ውስጥ ዐረብኛ የቀራ ልጅ ሁሉ እነዚህን ያውቃቸዋል። ደብተራው በግእዝ ፊደል ጽፎ የያዛቸው፣ ሼኩ በዐረብኛ ያነበባቸው፣ ያው አሥራ ሁለቱ ናቸው።

«ቀውስ» ላይ ሰው ይደናገራል። ኮከቡ ቀውስ የሆነ ሰው ነገሩ ከመቃወስ ጋር የተያያዘ ይመስለውና ይከፋዋል። አይክፋው። ቀውስ በዐረብኛ ቀስት ነው። የቀስተኛው ኮከብ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ፋል የሚለው ከዐረብኛ ፋእል ነው፤ በተለይ የደግ ምልክት ማለት ነው። ቡና ጠጥተው ሲኒ ገልብጠው የሚያዩ ሴቶች አሉ አይደል? «ሲኒ» ራሱ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው፣ ሸክላው ከዚያ ይመጣ ስለነበር። ጽዋ አይቶ ማወቅ ግን ከቡናም በፊት የነበረ ነው። የዮሴፍ ታሪክ ላይ በብንያም ስልቻ የተደበቀችው የብር ጽዋ ጌታዋ የሚጠጣባት ብቻ አልነበረችም፤ ምሥጢር የሚያውቅባትም ናት ይላል።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10፡30

የጀጎል ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አቆጣጠሩን እኔ ልጨምር፣ «ቆጣሪ» መባሉ ከዚያ ነውና። ዐውደ ነገሥት የሚባለውን የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የሚያይ ሰው አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አያደርግም። የጠያቂውን ስምና የእናቱን ስም ይጠይቃል። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ይደምረዋል፣ ከዚያ በ12 ይገድፋል። መግደፍ ማለት 12፣ 12 እያሉ መጣል ነው። የቀረው ቁጥር ኮከቡን ይሰጣል። ዛሬ «የፊደል ግድፈት» የምንለው ከዚሁ መጣል ከሚለው ግስ ነው።

እናቴን ስሟን የጠየቃት ሰው ሲያጋጥማት ለምን ትደነግጥ እንደነበር የገባኝ ይህን ከተማርኩ በኋላ ነው። የእናት ስም ለማንም አይሰጥም ነበር፤ ቁልፍ ነውና።

በነገራችን ላይ ሰብአ ሰገልም ከዚሁ ሰፈር ናቸው። ሰገል በግእዝ ጥንቆላ፣ ኮከብ ማየት ነው። ሰብአ ሰገል ማለት የሰገል ሰዎች ማለት ነው። ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው የመጡት በሙያቸው ነው የተሰየሙት። ቃሉ በዘመናችን ለእነሱ ብቻ ስለቀረ ከብዙ ዘመዶቹ በተለየ ስሙ ሳይጠፋ ኖረ።

ከሰላሌ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

ሞራ ገላጭን ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣው። በዓይኔ ያየሁት ነው።

አያቴ በበዓል በግ ሲታረድ ከሆድ ዕቃው ላይ ያለውን ሞራ ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር። ገና ትኩስ እያለ፣ ጢስ ጢስ እያለ ይነሣል። በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ፀሐይ ያዞሩታል። ስስ ነጭ ሻሽ ይመስላል፣ መረብ መረብ አለው። በመካከሉ ቀጫጭን ደም ሥር ይሄዳል። እሳቸው በጣታቸው ሳይነኩ በዓይናቸው ሥሩን ይከተሉታል። የት እንደ ተሰበረ፣ የት እንደ ተቋጠረ ያያሉ። «ዘንድሮ እህል አለ» ይሉና ይስቃሉ። አንድ ዓመት ግን አይተው አይተው አንድም ቃል ሳይናገሩ አጥፈው አስቀመጡት። የዚያን ቀን ሥጋው ለማንም አልጣፈጠም።

ስለዚህ «ገላጭ» የሚለው ለእኔ መጽሐፍ እንደ መግለጥ ነው። ዘርግቶ፣ ገልጦ ማንበብ። ሞራ በኦሮምኛም ሞራ ነው። ዓይን ላይ የሚጋረደውንም የዓይን ሞራ እንላለን፣ ነጭና ስስ ስለሆነ። አንዱ ሞራ እንዳታይ ይጋርድሃል፣ ሌላውን ዘርግተህ ታይበታለህ። ይህን ሳስብ አያቴ ይታዩኛል።

ምልኪም በሁለቱም ቋንቋ አለ። በኦሮምኛ ሚልኪ ይባላል። ሰው መንገድ ሲወጣ ያጋጠመውን አይቶ ምልኪው ቀናኝ፣ አልቀናኝም ይላል። ቃልቻ ግን ያሳዝነኛል። የመጣው ከኦሮምኛ ነው። በኦሮሞ ዘንድ «ቃሉ» ተብሎ የሚጠራው የእምነት አባት የተከበረ ሰው ነው። ሰው ተጣልቶ እሱ ፊት ይታረቃል። «ቃልቻ» አማርኛ ውስጥ ሲገባ ክብሩን በር ላይ አስቀምጦ የገባ ይመስላል። በከተማ ስድብ ሆኗል። ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ማን እንዳሻገረው ያሳያል።

ማርታ 77
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

በጥሞና እያነበብኳችሁ ነበር። አንድ ነገር ግን ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ቃላቱን እንዲህ በፍቅር ስትተነትኑ ነገሩ ራሱ የዋህ መስሎ እንዳይታይ እፈራለሁ።

ታናሽ ወንድሜ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ሲወጣ ድምፁ ጠፋ። እናቴ ሰው መክሯት አንድ «አዋቂ» ዘንድ ሄደች። የአንገት ሐብሏን ሸጣ ነው የሄደችው፤ አባቴ የሰጣት ሐብል ነበር። ሰውዬው «በሦስት ሳምንት ይደውላል» አላት። እናቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ገበያ አትወጣም፣ ለቅሶ አትሄድም። ሦስት ሳምንቱ ሲያልፍ ሌላ ብር ተጠየቀች። ወንድሜ የደወለው በሰባተኛው ወር ነው። እስር ቤት ነበር፤ የማንም ጥንቆላ አላወጣውም።

በጣም የሚያናድደኝ ስሙ ነው። «ጠንቋይ ቤት ልሂድ» ብትል ኖሮ እናቴ ራሷ ታፍር ነበር። «አዋቂ ዘንድ» ሲባል ግን ሐኪም ዘንድ እንደ መሄድ ሆነላት። ቃሉ ነው በሩን የከፈተላት።

መምህርት በጡረታ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

ማርታዬ፣ እንኳን ወንድምሽ በሕይወት ተገኘልሽ። እናትሽን ሳሚልኝ።

ያልሽው ትክክል ነው። «አዋቂ» መሸፈኛ ነው። ቃሉ ያወቀ ሰው ማለት ብቻ ነው። ዛሬ ፊልም ላይ «ለአዋቂዎች ብቻ» ሲባል ዕድሜው የደረሰ ማለት ነው። ያንኑ የተከበረ ቃል ወስዶ ሐብል መቀበያ ማድረግ ቃሉንም መበደል ነው። ለዚህ ነው ቃላቱን መለየት የምወደው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 የከለከለውን በአንድ ስም አላለፈውም። ምዋርተኛ፣ ሞራ ገላጭ፣ አስማተኛ፣ መተተኛ፣ ጠንቋይ፣ ሙታን ሳቢ እያለ አንድ በአንድ ጠራው፤ ማንም በሌላ ስም ተከልሎ እንዳያመልጥ።

ከሃይፋ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ሰላም ከእስራኤል። ማርታ የተናገረችው በዕብራይስጡም አለ። በዚያው የኦሪት ክፍል ከተከለከሉት አንዱ «ይድዖኒ» ይባላል። ሥሩ «ያዳ» ነው፣ ዐወቀ ማለት። እንግዲህ ቃል በቃል «አዋቂ» ነው! እናቴ አማርኛ እንጂ ዕብራይስጥ አታነብም፤ ይህን ስነግራት «ያኔም እንደዚሁ ያታልሉ ነበር ማለት ነው» አለችኝ።

መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 9 ላይ ደግሞ የቃል ታሪክ ራሱ ተጽፏል። ሳኦል የአባቱን የጠፉ አህዮች ፍለጋ ሄዶ ሲያጣ አሽከሩ «እዚህ ከተማ የእግዚአብሔር ሰው አለ፣ እሱን እንጠይቅ» ይለዋል። ባዶ እጅ አይኬድምና ያለችውን የሰቅል ሩብ ብር ያወጣል። ጸሐፊው እዚያ ጋ ታሪኩን ያቆምና ዛሬ ነቢይ የሚባለው ቀድሞ ባለ ራእይ ይባል ነበር ብሎ ያስረዳል። ያ ጸሐፊ ልክ እንደ እኛ ቃሉ መለወጡ ከንክኖታል።

ፑሪም የምንለው በዓልም ከዚህ ቤት ነው። ሐማ አይሁድን የሚያጠፋበትን ቀን ለመምረጥ ፉር ጣለ፤ መጽሐፈ አስቴር ራሱ ፉር ማለት ዕጣ ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ዕጣ ግን በእናንተ በኩል ከምን መጣ?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ይህን ጥያቄ እየጠበቅኩት ነበር። ዕጣ የዕፅ ዘመድ ነው። ዕፅ ዛፍ፣ እንጨት ነው። «እንጨት» የሚለው ቃልም ከዚያው ከዕፅ የወጣ ነው። ዕጣና እንጨት ወንድማማች ናቸው ማለት ነው።

ይህ እንግዳ ከሆነባችሁ ልጅነታችሁን አስታውሱ። ማን ውኃ ይቅዳ ሲባል ስንጥር እንሰብር ነበር። አንዷ ታጥራለች፣ ሌሎቹ ይረዝማሉ። በጡጫ ይያዝና ጫፋቸው እኩል ሆኖ ይታያል። ያጠረችው የወጣችለት ልጅ እንስራውን ይሸከማል። እሱ ነው ዕጣ። ዛሬ የኮንዶሚኒየም ዕጣ በኮምፒውተር ይወጣል፤ ሰው ግን እስካሁን «ዕጣ ወጣልኝ» ነው የሚለው፣ ከጡጫ ውስጥ እንደ ተመዘዘ ስንጥር።

ዕድል ሌላ ነው። ዕድል ከ«አደለ» ነው፤ ሲታደል የደረሰህ ድርሻ። «ታደለች» ብለን ለልጅ ስም እናወጣለን። ዕጣን አንተ ትመዛለህ፣ ዕድልን ሌላ ይሰጥሃል።

ሸገር ነዋሪ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 7፡15

ንግርት ቀረ። ከትንቢት በምን ይለያል?

መምህርት በጡረታ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡00

ንግርት «የተነገረች» ማለት ነው፣ ከነገረ። ማን እንደ ተናገራት አይጠየቅም። ትንቢት ባለቤት አለው፤ የኢሳይያስ፣ የኤርምያስ ይባላል። ንግርት ግን ከአያት ወደ አያት ስትነገር የመጣች ናት። ባለቤቷ ሕዝቡ ነው።

ንግርት ምን ያህል ጉልበት እንዳላት ለማየት አፄ ቴዎድሮስን ተመልከቱ። ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ከምሥራቅ ይነሣል፣ ከመከራ በኋላ በሰላም ይገዛል የሚለው ነገር ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ነው። «ፍካሬ» ማለትም መግለጥ፣ መፍታት ነው። ሕዝቡ ይህን ለዘመናት ሲቀባበለው ኖረ። የቋራው ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀባ ከስሞች ሁሉ መርጦ «ቴዎድሮስ» ተባለ። ስሙን ሲወስድ ተስፋውንም ወሰደ። ተማሪዎቼን «ንግርቱ ነው ሰውየውን የተነበየው ወይስ ሰውየው ነው ንግርቱን የፈጸመው?» እላቸው ነበር። ደወል እስኪደወል ይከራከሩ ነበር።

እግረ መንገዴን ሌላ ልጨምር። ነገን የምናስቀምጥበት ቦታ ራሱ ይገርመኛል። «ወደ ፊት» ስንል መጪው ጊዜ ነው። «በፊት» ስንል ግን ያለፈው! አንድ ፊት፣ ሁለት ጊዜ። «በኋላ» ደግሞ ገና የሚመጣው ነው፣ ኋላ ማለት ጀርባ ሆኖ ሳለ። ሰልፍ አስቡ። ከፊትህ ያለው ሰው ቀድሞህ የመጣ ነው፤ ስለዚህ «በፊት» ነው። ከኋላህ ያለው ገና ተራው የሚደርሰው ነው፤ ስለዚህ «በኋላ» ነው። «ወደ ፊት» ስንል ግን ራሳችን ተነሥተን መራመድ ጀመርን። ቋንቋችን ሁለቱንም ይዟል፤ ቆሞ ጊዜን የሚያሳልፈውንም፣ ሄዶ የሚደርስበትንም።

አስተርጓሚዋ ከሲልቨር ስፕሪንግ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

ብርቄ፣ ጥያቄሽ የእኔ የየቀን ሥራ ነው። አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተረጉማለሁ። ሐኪሞች እዚህ በሽታው ወዴት እንደሚሄድ ፊት ለፊት ይናገራሉ። «ስድስት ወር፣ ምናልባት ዓመት» ይላሉ። እኔ ያንን ወደ አማርኛ መመለስ አለብኝ። አንዲትም ቃል መጨመር፣ መቀነስ አይፈቀድልኝም።

የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ነው። አንድ አባት አልጋ ላይ ተኝተዋል፣ ልጆቻቸው ከበዋቸዋል። ሐኪሟ ተናገረች፣ እኔም አስተረጎምኩ። ትልቋ ልጅ ዞራ ያየችው ሐኪሟን ሳይሆን እኔን ነው። «እባክሽ እህቴ፣ በአባቴ አታሟርቺ» አለችኝ። በእጇ አፌን ልትይዝ ምንም አልቀራት። ቃሉ የሐኪሟ ነው፤ በአማርኛ የወጣው ግን ከእኔ አፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩበት። እንግሊዝኛው የሐኪሟን ንግግር እንደ ዜና ነው የሚያየው። በእኛ ቋንቋ ግን ስለ ነገ የሚነገር ቃል ዜና ብቻ አይደለም፤ ሥራ ይሠራል። ምርቃት ለዚህ ማስረጃ ነው። ሽማግሌ ተነሥቶ «ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ሲል ስለ ወደ ፊት ነው የሚናገረው። ማንም «ትንበያህ በምን ላይ ተመሠረተ?» አይለውም። «አሜን» ብለን በሁለት እጃችን እንቀበላለን። ደግ ቃል ነገን ይሠራል ብለን ካመንን ክፉ ቃልም ያፈርሳል ብለን መፍራታችን አይቀርም። ሟርት የምርቃት ተቃራኒ ነው። የአክስትሽ ድንጋጤ ለእህትሽ ካላት ፍቅር የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ያቺ ልጅም አፌን ልትይዝ የመጣችው አባቷን ስለምትወድ ነው።

አሁን ከመጀመሬ በፊት ሐኪሙን አስፈቅጄ ለቤተሰቡ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። «የምናገረው የሐኪሙን ቃል ነው፤ እሳቸው በምርመራው ያዩትን ነው የሚናገሩት» እላለሁ። ይህች «ያዩትን» የምትል ቃል ብዙ ትረዳኛለች። ሰው የታየን ነገር መስማት ይችላል። ወንድ ልጆቹ ዝም ብለው መሬት መሬት ያያሉ፣ እናቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ፣ ግን ይሰማሉ። ስጨርስ «እግዚአብሔር ይማራቸው» ለማለት እየፈለግኩ ዝም የምልበት ጊዜ ነው የሚከብደኝ። ደንቡ አይፈቅድልኝም። ከክፍሉ ከወጣሁ በኋላ ኮሪደር ላይ እለዋለሁ።

ማርታ 77
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡00

ይህን አንብቤ እናቴን ደወልኩላት። ጸልዪላቸው፣ አስተርጓሚዋ እህቴ። በልብሽ ያልሽውም ይሰማል።

ከሰላሌ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡10

አያቴ ያን ዓመት ሞራውን አጥፈው ዝም ያሉት አሁን ገባኝ። ያዩትን አይተዋል። ከተናገሩት ግን ሟርት ይሆንባቸዋል። ስለዚህ አፋቸው ላይ አስቀሩት። እኔ እስከ ዛሬ የደበቁን ይመስለኝ ነበር።

ብርቄ ዘሳሪስ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ የቆሎ ተማሪ፣ እትዬ መምህርት፣ ኑሩልኝ።

ትናንት አክስቴ ቤት ቡና ልጠጣ ሄጄ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። የማርታ እናት ጋ ስደርስ «ውይ፣ ያቺን ሐብል» ብላ ጭኗን መታች። አስተርጓሚዋ ጋ ስደርስ ጀበናውን ከምድጃው አውርዳ ቁጭ አለች። ስጨርስ ለጥቂት ጊዜ ምንም አላለችም። ከዚያ «ያን ዕለት እኮ ዝናቡን ጠርጥሬው ነበር፤ ጉልበቴ ነግሮኛል። እንዲነገር ነው ያልፈለግኩት» አለችኝ።

ሦስተኛውን ስትቀዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቅዳሜ በርበሬ ላሰጣ ነው። እስቲ ስልክሽ ላይ እይልኝ» አለችኝ። አየሁላት። ቅዳሜ ጥርት ያለ ፀሐይ ነው። እሑድ ደመና አለ።

የቅዳሜውን ነገርኳት። ስለ እሑዱ አልጠየቀችኝም።